«ሪስፔክት» የማን ዘፈን ነው?

አሜሪካ ውስጥ አንድ የኤፍኤም ጣቢያ «ሪስፔክት» («ክብር») የተባለውን ዘፈን በአሬታ ፍራንክሊን ድምፅ ባጫወተ ቁጥር ክፍያው የሚሄደው ለዘፈኑ ደራሲ ለኦቲስ ሬዲንግ ወገንና ለአሳታሚው ነው። ለአሬታ ሰባራ ሳንቲም አይደርሳትም። በሕይወት ሳለች አልደረሳትም፤ ኦገስት 16 ቀን 2018 ዲትሮይት ውስጥ ካረፈች በኋላም ለወራሾቿ አይደርስም። ለደራሲያን ክፍያ የሚሰበስበው ቢኤምአይ የተባለ ድርጅት ባረፈችበት ሰሞን እንደገመተው፣ ዘፈኑ በአገሪቱ የንግድ ሬዲዮ ጣቢያዎች 7.4 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ተሰምቷል።

ሕጉ እንዲለወጥ ዋሽንግተንን ደጅ የሚጠኑ ሙዚቀኞች ቀድመው የሚጠቅሱት ይህን ነው። እውነታቸውን ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በሬዲዮ ክፍያ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም። አሬታ በዚያ ዘፈን ላይ የሠራችው ሥራ መዝፈን ብቻ ነበር ወይስ ድርሰትም ጭምር? ይህን ጥያቄ ካልነካን አሁን ኮንግረስ ፊት የቀረበው የሕግ ረቂቅ ምን እንደሚያስተካክልና ምኑን እንደሚተወው አይገባንም። (ዓመታቱ፣ የኢትዮጵያ ነው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዘፈኑ መጀመሪያ የተቀዳው ጁላይ 1965 ሜምፊስ ከተማ፣ ስታክስ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ከአሮጌ ሲኒማ ቤት በለወጠው ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ሬዲንግ ገና 23 ዓመቱ ነበር። «ኦቲስ ብሉ» የተባለውን አልበም ከባንዱ ጋር ገብቶ በአንድ ቀንና ሌሊት ገደማ ጨርሶ ወጣ። ከ11ዱ ዘፈኖች የእሱ የድርሰት እጅ ያለባቸው ሦስት ብቻ ናቸው። የቀሩት የሌላ ሰው ናቸው፤ ሦስቱ ከጥቂት ወራት በፊት በጥይት የተገደለው የሳም ኩክ ዘፈኖች ሲሆኑ፣ አንዱ ደግሞ በዚያው በጋ ከየሬዲዮው የማይጠፋው የሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» ነው። ሬዲንግ የእንግሊዞቹን የጊታር ሐረግ ለትረምፔትና ለሳክስፎን አሸክሞ ዘፈኑን የሜምፊስ አደረገው። በኋላ «ዘፈኔን ወሰደችብኝ» የሚለው ሰው፣ እንግዲህ፣ ራሱም የሰው ዘፈን መውሰድ የሚያውቅበት ነበር።

ስለ «ሪስፔክት» አነሳስ የሚተረክ ነገር አለ። ሬዲንግ በጉዞ ብዛት ሲያማርር የስታክሱ ድራም መቺ አል ጃክሰን፣ ዘወትር መንገድ ላይ ለሚኖር ሰው ቤቱ ሲገባ ትንሽ ክብር ማግኘት እንደሚበቃው ነገረው፤ ዘፈኑ ከዚያ ወጣ ይባላል። በሬዲንግ አፍ የምንሰማውም እንደዚህ ያለውን ሰው ነው፤ ሠርቶ፣ ደክሞ፣ ገንዘቡን ይዞ የሚመጣ ባል። ሚስቱ እሱ በሌለበት የፈለገችውን ብታደርግ ግድ የለውም፤ ሲመለስ ግን አክብራ ትቀበለው። ሲያዝም ሲለምንም ይመስላል። በጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ 4ኛ፣ በአጠቃላዩ ሠንጠረዥ 35ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ታሪክ የሚባል ግን አልነበረም። በ1966 ከዲትሮይት ብዙም በማይርቀው በአን አርበር የነበሩ ራሽናልስ የተባሉ ነጭ ወጣቶች ደግመው ሠሩትና በአካባቢው ሬዲዮ ተወደደላቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ዘፈኑን የሚያስታውሱት ሶል የተባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ሸክላ የሚሰበስቡ ብቻ ይሆኑ ነበር።

አሬታ በዚያ ጊዜ ኮሎምቢያ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ወጥታ ወደ አትላንቲክ ተዛውራ ነበር። ኮሎምቢያ የተዋጣላት ዘፋኝ እንደሆነች ቢያውቅም ምን እንደሚያዘፍናት ሳያውቅበት ዓመታት አልፈዋል። የአትላንቲኩ ፕሮዲዩሰር ጄሪ ዌክስለር በጃንዋሪ 1967 ወደ አላባማ፣ መስል ሾልስ ወሰዳት፤ አንድ ዘፈን እንደተቀዳ ጠብ ተነሣና ሥራው ተበተነ። የአላባማዎቹ ተጫዋቾች ወደ ኒው ዮርክ ተጠሩ። «ሪስፔክት» የተቀዳው እዚያ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1967 ነው።

አሬታ ዘፈኑን ቀደም ሲል በመድረክ ስትሞክረው ቆይታ፣ ከታናሽ እህቷ ከካሮሊን ጋር አውጥታ አውርዳ ነበር ስቱዲዮ የገባችው። በመጀመሪያ ተናጋሪው ተገለበጠ። አሁን የምትናገረው ሴት ናት፤ ገንዘቡም የእሷ ነው። የሬዲንግ ባል ገንዘቡን ይዞ ይመጣና ክብር ይለምንበታል። የአሬታ ሴት ግን ራሷ ገንዘብ አላት፤ የምትጠይቀውም ልመና አይደለም፣ የተገባትን ነው። ቃላቱ በአብዛኛው ያው ሆነው ትርጉማቸው ሌላ ሆነ።

ከዚያ የሌለውን ጨመረች። ባንዱ ድንገት ይቆምና እሷ ቃሉን ፊደል በፊደል ታነበዋለች። ዓለም ሁሉ ዘፈኑን የሚያውቀው በዚያች ቦታ ነው፤ በሬዲንግ ቅጂ ውስጥ ግን የለችም። ተቀባዮቹ ካሮሊንና ኧርማ፣ ሁለቱም እህቶቿ፣ «ሪ፣ ሪ፣ ሪ፣ ሪ» እያሉ የሚቀበሉትም የለም። (ቤተሰቡና ወዳጆቿ አሬታን በቁልምጫ የሚጠሯት «ሪ» ብለው ነበር።) በፍጥነት የሚደጋገመው የእህቶቹ «ሶክ ኢት ቱ ሚ» የሚል ቀልድ አዘል ጥሪም የዲትሮይት ልጆች የሰፈር ቋንቋ ነው። የሬዲንግ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ መንገድ ይሮጣል እንጂ መሃል ላይ መሸጋገሪያ የለውም። አሬታና ባልደረቦቿ ሳም ኤንድ ዴቭ ከሚባሉት የስታክስ ድምፃውያን ዘፈን የኮርድ ሂደት ወስደው መሃሉ ላይ አስገቡና ኪንግ ከርቲስ ሳክስፎኑን እንዲነፋበት አደረጉ። ሙዚቃው ከነበረበት ቅኝት ዘሎ ወደ ራቀ ቦታ ይሄዳል፤ ተመልሶም አሬታ ፊደል የምትቆጥርበት ስፍራ ላይ ያደርሰናል። ያ ዝላይ ባይኖር ፊደላቱ ያን ያህል አይመቱም ነበር ባይ ነኝ።

ጁን 3 ቀን 1967 በአጠቃላዩ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ሁለት ሳምንት ቆየ። በጥቁሮች ሙዚቃ ሠንጠረዥ ስምንት ሳምንት መራ። በቀጣዩ ዓመት ሁለት የግራሚ ሽልማት አስገኘላት። አባቷ ሲ ኤል ፍራንክሊን በ1963 ከማርቲን ሉተር ኪንግ ጋር የዲትሮይቱን ታላቅ የነፃነት ሰልፍ ያስተባበሩ ፓስተር ነበሩ፤ ልጃቸው ክብር ስትጠይቅ የጥቁር አሜሪካውያን ጆሮ ከባልና ሚስት ጉዳይ በላይ ሰማ። ሴቶችም በራሳቸው በኩል ሰሙት።

በዚያው ወር ሬዲንግ በካሊፎርኒያው የሞንተሬይ ፌስቲቫል ላይ ሲዘፍነው አንዲት ወዳጄ የሆነች ልጅ ወስዳብኛለች፣ ቢሆንም እኔም እዘፍነዋለሁ ብሎ አስተዋወቀው። እየሳቀ ነው ያለው። በቀጣዩ ዲሴምበር 10፣ ማዲሰን ዊስኮንሲን ውስጥ አውሮፕላኑ ሐይቅ ላይ ወድቆ በ26 ዓመቱ ሞተ።

ወስዳብኛለች ይበል እንጂ ሊከለክላት አይችልም ነበር። የአሜሪካ ሕግ ይህን በር የከፈተው በ1909 ሲሆን ምክንያቱም ፒያኖ ነው። በራሱ የሚጫወተው ፒያኖ የተቦረቦረ የወረቀት ጥቅልል እየጎረሰ ዜማ ያወጣ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1908 ጥቅልሉ የዜማ ቅጂ አይደለም ሲል ደራሲያን ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ኮንግረስ መብቱን ሲሰጣቸው ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅልል አምራች ሁሉንም ዜማ ጠቅልሎ እንዳይገዛ ሰጋ። መፍትሔው አስገዳጅ ፈቃድ ሆነ፦ አንድ ዘፈን አንዴ በሕጋዊ መንገድ ከወጣ በኋላ ማንም ሰው የተወሰነውን ክፍያ እየከፈለ ደግሞ ሊቀዳው ይችላል፤ ደራሲው እምቢ ማለት አይችልም። ተመኑ እስከ 1978 ድረስ በቅጂ ሁለት ሳንቲም ነበር፤ ሰባ ዓመት ገደማ ሳይነቃነቅ። በ2025 ደግሞ 12.7 ሳንቲም ደርሷል።

አብዛኛው የሶል፣ የሮክና የጃዝ ታሪክ በዚህ በር ነው ያለፈው። እኔ ሕጉን እወደዋለሁ። አሬታ ፈቃድ መለመን ቢኖርባት ምናልባት የምናውቀው «ሪስፔክት» አይኖርም ነበር። ሌላ ገጽታው ግን ይህ ነው፦ በዛሬው ሕግ ደግሞ የሚዘፍነው ሰው ለራሱ አዘፋፈን እንዲስማማው ቅንብሩን መለዋወጥ ይችላል፣ መሠረታዊ ዜማውንና ባሕርዩን ግን እንዳይለውጥ ተከልክሏል። የጨመረውም ነገር የዋናው ባለመብት ግልጽ ስምምነት ከሌለ በድርሰትነት ጥበቃ አያገኝም። በሌላ አነጋገር ሕጉ ዘፈን ደጋሚውን ወይ ትንሽ ነገር ነክተሃል፣ ወይ የማይነካ ነክተሃል ይለዋል፤ ዘፈኑን እንደገና ደርሰኸዋል የሚልበት ቦታ የለውም።

ውጤቱን ማየት ቀላል ነው። ዛሬ በመድረክም በቴሌቪዥን ውድድርም «ሪስፔክት»ን የሚዘፍን ሁሉ ፊደሉን ይቆጥራል፤ «ሪ፣ ሪ» የሚሉ ተቀባዮች ከኋላው ያቆማል። የሚደግመው የአሬታን ነው። የድርሰቱ ክፍያ የሚሄደው ግን ፊደሉን ወዳልቆጠረው ሰው ነው።

ይህ እንዲሁ በድንገት የመጣ አይደለም። እስከ 1978 ድረስ አንድን ድርሰት በቅጂ መብት ቢሮ ለማስመዝገብ ሸክላ ይዞ መሄድ አይቻልም ነበር፤ የሚቀበሉት በኖታ የተጻፈ ወረቀት ነው። አዘፋፈኑ፣ የተቀባዮቹ ምልልስ፣ የሳክስፎኑ ጩኸት፣ ባንዱ የሚቆምበት ቅጽበት በአብዛኛው ወረቀቱ ላይ አይገኙም። ይህ የድሮ ወግ ነው ብሎ ማለፍም አይቻልም፤ ሌድ ዜፕሊን በተከሰሰበት ጉዳይ ካሊፎርኒያ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2020 እንደወሰነው፣ በአሮጌው ሕግ ዘመን የተመዘገበ ዘፈን ጥበቃው ቢሮ በገባው ወረቀት ላይ እስካለው ድረስ ብቻ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ ከመድረክና ከተቀባይ ጋር በሚደረግ ምልልስ የተወለደ ሙዚቃ እንዲህ ባለ መለኪያ ሲለካ ዋና ነገሩ እየተቆረጠ ይቀራል። የሶል ዘፋኞች በዚህ ሕግ ሲጎዱ የኖሩት ሕጉ ስማቸውን ጠርቶ ስለከለከላቸው ሳይሆን፣ የእነሱ ጥበብ ያለበትን ቦታ ስለማያይ ነው።

የኧርማ ፍራንክሊን ነገር እዚህ ላይ መነሣት አለበት። በእህቷ ዘፈን ላይ ተቀባይ የሆነችው ይቺው ኧርማ በ1967 «ፒስ ኦፍ ማይ ሃርት» የተባለ ዘፈን በስሟ አወጣች፤ በጥቁሮች ሠንጠረዥ 10ኛ፣ በአጠቃላዩ 62ኛ ሆነ። በዓመቱ ጃኒስ ጆፕሊን ከባንዷ ጋር ደግማ ሠራችውና 12ኛ ደረጃ ደረሰ፤ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው የጆፕሊን ዘፈን ነው የሚለው። የደራሲዎቹ የበርት በርንስና የጄሪ ራጎቮይ ወገን በሁለቱም ሴቶች ድምፅ ተከፈለው፤ ኧርማ በጆፕሊን ስኬት ምንም ድርሻ አልነበራትም። በ1992 እንግሊዝ ውስጥ የጂንስ ማስታወቂያ የእሷን ቅጂ አንሥቶ እዚያ አገር 9ኛ ደረጃ አደረሰላት። ሃያ አምስት ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ግሎሪያ ጆንስ በ1965 አውጥታው ያልታየላትን «ቴይንትድ ላቭ» ሶፍት ሴል የተባሉ እንግሊዛውያን በ1981 ደግመው ዓለምን አዳረሱበት። ነገር ግን በሸክላው ጀርባም የራሳቸውን ድርሰት በማስገባት ፈንታ ሌላ የድሮ የሶል ዘፈን ደግመው ዘፈኑ፤ በዚህም ያ ሁሉ ሸክላ ሲሸጥ የድርሰት ክፍያ ሳያገኙ ቀሩ። ሕጉ ዘር አይለይም፤ የሚለየው ወረቀቱ ላይ ስም ያለውንና የሌለውን ነው። ወረቀቱ ላይ የማን ስም እንደሚሰፍር የሚወሰንበት የንግድ ዓለም ግን ዘር ይለይ ነበር፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ወደ ሬዲዮው እንመለስ። እዚህ ላይ የአሜሪካ ሕግ ከብዙው ዓለም ይለያል። በ1961 የተፈረመው የሮም ስምምነት፣ ሸክላ በሬዲዮ ሲጫወት ለዘፋኙና ለቀጂው ኩባንያ ተገቢ ክፍያ የሚከፈልበትን መንገድ አስቀምጧል፤ አሜሪካ የስምምነቱ አባል አይደለችም። የኢትዮጵያው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ የኢትዮጵያ ነው) እንኳ ይህን የዘፋኝና የቀጂ ኩባንያ መብት ያውቃል፤ በተግባር መሰብሰቡ ሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ ወረቀቱ ላይ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን ቀድማለች። አሜሪካ ውስጥ ኤፍኤም የሚከፍለው ለደራሲ ብቻ ነው።

ኢንተርኔትና ሳተላይት ሲመጡ ኮንግረስ በ1995 ለዲጂታል ስርጭት ብቻ የዘፋኝን መብት ፈጠረ። ከዚያም ሌላ ቀዳዳ ተገኘ፦ ከፌብሩዋሪ 15 ቀን 1972 በፊት የተቀዱ ሥራዎች የፌዴራል ጥበቃ ስላልነበራቸው አንዳንድ ዲጂታል አሰራጮች ለእነሱ አንከፍልም አሉ። የሶል ወርቃማ ዘመን በአብዛኛው ከዚያ ቀን በፊት ነው። በ2014 የዲትሮይቱ እንደራሴ ጆን ኮንየርስ ከሪፐብሊካኑ ጆርጅ ሆልዲንግ ጋር ቀዳዳውን የሚደፍን ረቂቅ አቀረቡ፤ ስሙንም «ሪስፔክት» አሉት። አላለፈም። ሐሳቡ ሕግ የሆነው በሌላ ትልቅ ሕግ ውስጥ ገብቶ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 2018 ነው። አሬታ ካረፈች ሁለት ወር አልሞላትም።

የቀረው ኤፍኤሙ ነው። በ2021 የቀረበው፣ በዲሴምበር 2022 በተወካዮች ምክር ቤት የፍትሕ ኮሚቴ ያለፈውና በጃንዋሪ 2025 እንደገና የገባው የአሜሪካ ሙዚቃ ፍትሐዊነት ረቂቅ ጣቢያዎች ለዘፋኞችም እንዲከፍሉ ይጠይቃል። ብሮድካስተሮች ሬዲዮ ነፃ ማስታወቂያ ነው፣ ሸክላ የሚሸጠው በእኛ ነው ይላሉ። በ1967 ይህ እውነት ነበር። ዛሬ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ዘፈን በየቀኑ የሚያጫውት ጣቢያ ማስታወቂያ እየሠራ አይደለም፤ አድማጭ እየያዘ ለአስተዋዋቂ እየሸጠ ነው። ትናንሽ ጣቢያዎች ይዘጋሉ የሚለው ሥጋት የበለጠ ክብደት ያለው ይመስለኛል፤ ረቂቁ ግን ዓመታዊ ገቢው ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በታች የሆነ ጣቢያ በዓመት 500 ዶላር ብቻ፣ በጣም ትናንሾቹ ደግሞ እስከ 10 ዶላር ዝቅ ያለ እንዲከፍሉ ይላል። ረቂቁ ዓመት በዓመት የሚያድረው በክርክር ስለተሸነፈ አይመስለኝም። እያንዳንዱ እንደራሴ በወረዳው ሬዲዮ ጣቢያ አለው፤ ምርጫ ሲደርስ ድምፁ የሚሰማው በዚያ ነው።

አስቂኙ ነገር ሰው ሙዚቃ የሚሰማበት መንገድ ተለውጦ ሚዛኑ መገልበጡ ነው። በስትሪሚንግ ላይ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው የተቀዳው ድምፅ ነው፤ በአሜሪካ ከ2023 እስከ 2027 ለድርሰቱ የተወሰነው መነሻ ተመን ከአገልግሎቱ ገቢ 15 በመቶ ገደማ ሲሆን የማስተሩ (የዋናው የድምፅ ቅጂ) ባለቤት ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ያው ዘፈን በመኪና ሬዲዮ ሲሰማ የኦቲስ ነው፣ በስልክ ሲሰማ በይበልጥ የአትላንቲክ። የአሬታ ወገን የሚያገኘው ከኩባንያው ጋር ባለው ውል ልክ ነው። የኦቲስም ማስተር የተወራረሰበት ታሪክ አለው፦ ስታክስ ከአትላንቲክ ጋር በ1965 የፈረመው ውል የሸክላዎቹን ባለቤትነት ለአትላንቲክ አሳልፎ እንደሰጠ የገባው ዘግይቶ፣ አትላንቲክ ለዋርነር ከተሸጠ በኋላ ነበር። ስለዚህ ሁለቱም «ሪስፔክቶች» አንድ ጎተራ ውስጥ ናቸው።

ረቂቁ ቢጸድቅ ክፍያው በዲጂታል ሬዲዮ እንደተለመደው ይከፋፈላል፦ ግማሹ ለማስተሩ ባለቤት፣ 45 በመቶው ለዋናው ዘፋኝ፣ 5 በመቶው ለአጃቢ ተጫዋቾችና ተቀባዮች። ካሮሊን ፍራንክሊን በ1988፣ ኧርማ በ2002 አርፈዋል፤ ኪንግ ከርቲስ በ1971 ኒው ዮርክ ውስጥ ተገድሏል። ዘፈኑን ለዓለም ያስታወሱት ፊደላት፣ ምልልስና የሳክስፎን መሸጋገሪያ ለወራሾቻቸው ሊያስገኙ የሚችሉት ከዚያ 5 በመቶ ውስጥ የሚደርሳቸውን ነው፤ ያም በስቱዲዮ ለዋሉበት የአጃቢነት ሥራ እንጂ ለፈጠሩት ድርሰት አይደለም። በድርሰቱ መዝገብ ላይ ያለው ስም የኦቲስ ሬዲንግ ብቻ ነው፤ ይህን ለመንካት የሚሞክር ረቂቅ ዋሽንግተን ውስጥ የለም።